ምላሽ ሰጪው ቤት በአልዱባ

አልዱባ ሞቃት መሆኗ በጥናት ተረጋገጠ።

ጥናቱ የተካሄደው ጂንካ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። ያካሄደው «ለአካባቢ አየር ንብረትና መልክዓ ምድር ምላሽ የሚሰጡ ዘላቂ ቤቶች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት» ሲሆን፣ ስሙ ከቢሮው ስለሚረዝም ታፔላው ከበሩ ጀምሮ ጥግ ዞሮ ያልቃል። ማንበብ የጀመረ ባለጉዳይ ጨርሶ እስኪመለስ የመጣበትን ይረሳል፤ ይህም በጽሕፈት ቤቱ ላይ አንድም ቅሬታ እንዳይመዘገብ ረድቷል። በጥናቱ መሠረት ከጂንካ ቁልቁል ባለችው የቆላ መንደር በአልዱባ ቀን ቀን ፀሐይ ትወጣለች፤ ከብቶች ጥላ ይፈልጋሉ፤ ሰዎችም በዚህ ረገድ ከከብቶቹ የጎላ ልዩነት አላሳዩም። ተሳታፊዎቹ ጥናቱን በአስተያየት አዳበሩት፣ በጭብጨባ አጸደቁት፣ በምሳ አወራረዱት።

ከዚያም ለሙቀቱ ምላሽ የሚሰጥ፣ ከአካባቢው ቁሳቁስ የሚሠራ፣ ከመልክዓ ምድሩ ጋር የሚስማማ አንድ ሞዴል ቤት አልዱባ ላይ እንዲቆም ተወሰነ። ቤት ያለ ነዋሪ አይመረቅምና ነዋሪ ተፈለገ። ዕጣው አለምነሽ ላይ ወደቀ። ዕጣ ይባል እንጂ ምክንያቱ ሌላ ነበር፤ ቦታዋ መንገድ ዳር ስለሆነ ከመኪና ሳይወርዱ ፎቶ ለማንሳት ይመቻል።

አለምነሽ ኩርኩፋ ሻጭ ናት። የበቆሎ ድቡልቡሉን ከሽፈራው ቅጠል ጋር ቀቅላ ስታወጣው፣ በገበያ ቀን ከቱርሚ የሚመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ሳይቀር ፍሬን ይይዛል። ምላሷም እንደ ኩርኩፋዋ ትኩስ ነው፤ ልዩነቱ ኩርኩፋው ያልቃል። ከባሏ ከዶላሞ ጋር የምትኖረው የዶላሞ እናት ሠርታ ትታላቸው ባለፈችው ጎጆ ውስጥ፣ አንድ ሰፊ ሾላ ጥላ ሥር ነበር። ግድግዳው ወፍራም ጭቃ፣ ክዳኑ ወደ መሬት ዝቅ ብሎ የወረደ ሳር። ጎጆው ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል ብሎ የጠየቃት ሰው ስላልነበረ እሷም አስባበት አታውቅም።

እሷ የምታስበው ስለ ተናኜ ነው።

ተናኜ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ አላት። መኖሪያዋ እንደማንም ሰው ጎጆ ነው፤ ነገር ግን አምና የሱቋን በረንዳ ቆርቆሮ አልብሳዋለች። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ባካፋ ቁጥር ነጠላዋን ተከናንባ መንገዱን ትሻገርና፣ «እቴ አለምነሽ፣ ቆርቆሮዬ እንዴት እንደሚጮህ ሰማሽልኝ? ጆሮ ነሳን እኮ!» ትላለች። አለምነሽ በሳር ክዳን ሥር ሆና ዝናቡ መዝነቡንም አልሰማችም። እንዲህ ዓይነቱ ነገር አንጀት ያሳርራል።

ስለዚህ አስተባባሪው ኢንጂነር ሚልክያስ ሜትሩን እየሳበ መጥቶ የሞዴሉን ጥቅም ማብራራት ሲጀምር፣ ገና «ዘላቂነት» የሚለው ቃል ላይ ሳለ አቋረጠችው።

«ከተናኜ ይበልጣል?»

«በሁሉም መለኪያ» አለ ሚልክያስ።

«መስታወት አለው?»

«ሰፊ መስታወት።»

«የት ነው የምፈርመው?»

ሚልክያስ ሕጋዊ ሰው ነውና ከመፈረሟ በፊት ውሉን ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ቤቱ ከተመረቀ በኋላ አሮጌው ጎጆ ለገጽታ ሲባል በጽሕፈት ቤቱ ኮሚቴ ውሳኔ ይፈርሳል ይላል።

ዶላሞ ወደ ጎጆው ዞረ። «የእናቴ እጅ ያረፈበት ነው እኮ» አለ።

«እናትህ ብትኖር ኖሮ ቀድማኝ ትፈርም ነበር» አለች አለምነሽ። ዶላሞ ቃሉ ጥቂት ነው። ያን ቀን የነበረውን ተናግሮ ጨረሰ።

ሥራው በአፈር ተጀመረ።

«ለግድግዳው የአካባቢው አፈር ያስፈልገናል» አለ ሚልክያስ።

«ይኸው» አለ ዶላሞ፣ የቆመበትን በእግሩ መታ መታ አድርጎ።

«ደረሰኝ አለው?»

ዶላሞ አጎንብሶ መሬቱን አየ። «ለእኔ አልሰጡኝም።»

«እንግዲያው በግዥ መመሪያው መሠረት ይህ አፈር አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ማስረጃ ያልቀረበበት ነገር» አለ ሚልክያስ፣ ማስረጃ ያልቀረበበትን ነገር ከጫማው ላይ እያራገፈ።

ጨረታ ወጣ። አልዱባ ውስጥ ንግድ ፈቃድ ያለው አፈር ሻጭ ስላልተገኘ፣ የአልዱባን የአካባቢ አፈር ለማቅረብ ያሸነፈው ጂንካ ያለ ነጋዴ ሆነ። አፈሩም በገልባጭ መኪና ተጭኖ ቁልቁል ተጓዘ። መንገድ ላይ ኬላ ጠባቂው ሹፌሩን፣ «ምን ጭነሃል?» አለው።

«አፈር።»

«ወዴት?»

«አልዱባ።»

ጠባቂው ደነገጠ። «እዚያ አለቀ እንዴ?»

የሳሩም ነገር እንዲሁ ነው። ነጋዴው ሰው ልኮ ሳሩን ከአልዱባ ገዛ፣ ጂንካ ወሰደው፣ ሕጋዊ አደረገው፣ መልሶ አልዱባ አመጣው። አለምነሽ ራሷ አጭዳ የሸጠችውን እስር በገመዱ አወቀችው። «ይሄ ሳር ከእኔ የበለጠ አገር አይቷል» አለች።

ይሁን እንጂ አገር ያየው ሳር ክዳን አልሆነም። ጽሕፈት ቤቱ በፎቶ ተመልክቶት «ኋላ ቀር ይመስላል» የሚል ገንቢ አስተያየት ሰጠ። በጉዳዩ ላይ በስፋት ተወያይቶም አካባቢያዊነትን ከዘመናዊነት የሚያስታርቅ መፍትሔ አገኘ፤ የሳር ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ። ሳሩን የተናኜ ፍየሎች በሉት።

መስታወቱ መንገድ መንገዱን እያየ ሲገጠም አለምነሽ አጠገቡ ቆማ ነበር።

«ነፋሱ እኮ ከጓሮ ነው የሚመጣው» አለች። ለነፋሱ አዝና አይደለም፤ ዝም ማለት ስለማትችል ነው።

«እንግዶቹ ግን ከመንገድ ነው የሚመጡት፣ ወይዘሮ አለምነሽ» አለ ሚልክያስ።

መስታወቱም አቧራ እያስገባ ለምርቃቱ የሚሰቀለውን ባነር እንዳያበላሽ፣ ጭራሽ እንዳይከፈት ተደርጎ ታሸገ።

ከመልክዓ ምድሩ ጋር መስማማቱ ትንሽ አስቸገረ። ንድፉ ላይ ዛፉ ያለው በስተግራ ነው። አልዱባ ላይ ግን ሾላው ማንንም ሳያማክር በስተቀኝ በቅሏል። ሚልክያስ ንድፉን ቢያዞረው ቤቱ ተዘቀዘቀ፤ ራሱ ቢዞር ተራራው ጠፋበት። በመጨረሻ ስሕተቱ የሾላው መሆኑ ታመነበትና ግንዱ ላይ በቀይ ቀለም የመቆረጥ ምልክት ተደረገ፤ በስተግራ ችግኝ ተተከለ። ችግኙን የተናኜ ፍየል በላችው። ሪፖርቱ ላይ ጉዳቱ «የአየር ንብረት ለውጥ ያስከተለው» ተብሎ ሰፈረ። ሾላውን እንዲቆርጡ የታዘዙት ሠራተኞች ደግሞ፣ «የምናርፍበት ጥላ እሱ ብቻ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ እንቆርጠዋለን» አሉ። ሥራው ሲያልቅ ውላቸውም አለቀ። ሪፖርቱ ግን ቀድሞ ተልኮ ነበርና፣ ሾላው እስከ ዛሬ በይፋ እንደተቆረጠ ቆሟል።

ቤቱ አለቀ። ምላሽም መስጠት ጀመረ።

ፀሐይ አንድ ስትናገር ቤቱ ሁለት ይመልሳል። ረፋድ ላይ ቆርቆሮው መንጣጣት ይጀምራል፤ መስታወቱ ሙቀቱን በእንግድነት ያስገባና መውጫ ይነሳዋል። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ሻማ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ዶላሞ ገብቶ የቆየው ኮፍያውን ምስማር ላይ እስኪሰቅል ነው፤ ኮፍያውንም ሊወስድ አልተመለሰም።

አለምነሽ ግን ገብታ ተቀመጠች። ተናኜ እያየች እንዴት ብላ ትወጣለች? በገበያ ቀን ከካኮ በኩል የሚመጣው ሰው ሁሉ ሲያልፍ፣ እሷ ከመስታወቱ ጀርባ እግሯን አጣምራ ፈገግ ትላለች። ተናኜ ተሻግራ መጥታ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጠፈች።

«እቴ አለምነሽ! እንደ ዳቦ ቤት ዳቦ በመስታወት ተቀመጥሽ?»

«ያለው ሰው ይታያል፤ ምን ይደረግ!»

«ፊትሽ ላይ ያለው ላብ ነው?»

«ቅባት ነው። የመስታወት ቤት ሴት ትቀባለች።»

«አንገትሽ ላይም ይወርዳል እኮ!»

«ጥሩ ቅባት ይወርዳል። የሚያውቅ ያውቀዋል።»

ተናኜ ተቃጥላ ሄደች። አለምነሽም ተቃጥላ ቀረች።

ተናኜ ወደ ሱቋ መግባቷን አይታ ውሃ የምትቀዳ መስላ ሹልክ አለችና ጎጆው ውስጥ መደብ ላይ ተዘረጋች። ዶላሞ በቅል ውሃ ሰጣት።

«ንገሪያቸው» አለ። «ቤቱ ምድጃ ነው በያቸው፣ ጎጆውን ሳያፈርሱብን።»

«ተናኜ ትሰማለች።»

«ትስማ!»

«ቅባት ነው ብያታለሁ።»

«ጎጆው ሲፈርስ የት ልንገባ ነው፣ አንቺ ሴት?»

አለምነሽ በቅሉ የቀረውን ውሃ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠች። ዶላሞ ካገባት ወዲህ የመጨረሻውን ቃል ለእሱ ስትተውለት አይቶ አያውቅምና ታመመች ብሎ ግንባሯን ነካ። ምርቃቱ እየደረሰ ነበር። እውነቱን ብትናገር ተናኜ ፊት አንገቷን ትደፋለች፤ ዝም ብትል ጎጆዋን ታጣለች። አለምነሽ ደግሞ አንገት የተሰጣት ለመድፋት አይመስላትም።

መዳኛዋ ከወደ ጂንካ መጣ። «ስለ ሕዝብ ጉዳይ ሆቴል ተቀምጦ መወሰን ይቁም» የሚል ማሳሰቢያ ከበላይ አካል ወርዶ ነበርና፣ ሚልክያስ የመተዳደሪያ ደንብ አርቅቆ በፍሬም አስገብቶ ሞዴሉ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ኮራ ብሎም አነበበላት፦ «ይህን ቤትና ግቢውን የሚመለከት ማናቸውም ውሳኔ በዚሁ ቤት ውስጥ፣ ነዋሪዋን ጨምሮ ኮሚቴው በሙሉ በተገኘበት፣ በሩ ተዘግቶ ብቻ ይሰጣል።»

«ጎጆውን ማፍረስም?» አለች አለምነሽ።

«ማፍረስም።»

«በሩ ተዘግቶ?»

«የኮሚቴ ምስጢር ነዋ!»

አለምነሽ የታሸገውን መስታወት አየች። ቀና ብላ ቆርቆሮውን አየች። «ግሩም ደንብ ነው» አለች። «ጌታ ይባርክህ፣ ወንድሜ።» ከልቧ ነበር።

በምርቃቱ ቀን የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ኤርጎ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው መጡ። ሪባን ተቆረጠ። ንግግሩ የተደረገው ሾላው ጥላ ሥር ነው፤ በይፋ የተቆረጠ ዛፍ ጥላ ሥር መቀመጥን የሚከለክል መመሪያ የለም።

«ቤት ማለት» አሉ አቶ ኤርጎ፣ «ለአየር ንብረት የሚሰጥ መልስ ነው። ሕዝባችን ለዘመናት ያለ መልስ ኖሯል!»

ሕዝቡ ያለ መልስ መኖሩን ሲሰማ አጨበጨበ። ነዋሪዋ ምስክርነት እንድትሰጥ ተጋበዘች። አለምነሽ ማዶ የቆመችውን ተናኜን በዓይኗ ፈልጋ አገኘችና፣ «እኔ» አለች፣ «እዚህ ቤት ከገባሁ ወዲህ ብርድ የሚባል ነገር ደጄን ረግጦ አያውቅም።» ጭብጨባው ቀለጠ። ሚልክያስ ምስክርነቱን ቃል በቃል ጻፈው።

ከዚያ በፕሮግራሙ ወረቀት ፊቱን እያራገበ ወደ ኮሚቴው ጠጋ አለ። ቀኑ ለሁለት ተከፍሎ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች። «አንዲት አጀንዳ ብቻ ቀርታናለች፤ የጎጆው ነገር። እዚሁ ጥላው ሥር እጃችንን እናውጣና…»

«እዚህ?» አለች አለምነሽ፣ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ። «ደንቡስ? እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝ፤ ግን የተሰቀለ ደንብ አከብራለሁ።»

አቶ ኤርጎ ሚልክያስን አዩት። ሚልክያስ ሾላውን አየ። ሕዝቡ ሁለቱንም አየ።

«ወደ ውስጥ!» አሉ አቶ ኤርጎ።

ገቡ። በሩን አለምነሽ ራሷ ቆለፈችና ቁልፉን መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

«አጀንዳችን…» አለ ሚልክያስ።

«ወንድሜ፣ በአዲስ ቤት ያለ ጸሎት ነገር ይጀመራል? እናንተስ የጌታ ልጆች አይደላችሁም?»

ኮሚቴው በሙሉ እሑድ እሑድ ቆሞ የሚዘምር ነው፤ አቶ ኤርጎማ የምእመናን ሽማግሌ ናቸው። እምቢ የሚል አልተገኘም። ሁሉም ተነሥቶ ዓይኑን ጨፈነ። ስብሰባን ማቋረጥ ይቻላል፤ መብራት ይቋረጣል፣ መንገድ ይቋረጣል፣ ፕሮጀክትም ይቋረጣል። የተጀመረ ጸሎት ግን የሚያቋርጥ ባለሥልጣን እስካሁን አልተሾመም።

«ጌታ ሆይ» አለች አለምነሽ፣ ተረጋግታ፣ «ይህን ቤት ባርክ። ከጂንካ የመጣውን አፈር ባርክ። የጫነውን መኪና ባርክ፣ ሹፌሩን ባርክ፣ ረዳቱን ባርክ፣ በየኬላው የቆሙትን ባርክ። መምጣት ሳያስፈልገው እዚሁ የነበረውን አፈርም አትርሳው…»

ቆርቆሮው ተንጣጣ። የአቶ ኤርጎ ክራቫት ከአንገታቸው ጋር ግብግብ ገጠመ።

«…በመስኮት ሊገባ ፈልጎ ያልተፈቀደለትን ነፋስ ባርክ…»

«አሜን!» አለ ሚልክያስ ጮክ ብሎ፣ ምናልባት ያልቃል ብሎ።

«…ከልቡ አሜን ያለውን ወንድማችንን አብልጠህ ባርክ፤ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ የተወለደበትን ቀበሌ፣ ያስተማሩትን መምህራን…»

ከዚህ በኋላ አሜን ለማለት የደፈረ የለም። አለምነሽ ካኮ ያሉትን ሕሙማን በየስማቸው ጠራች። ወደ ቱርሚ የሚነዱ ሹፌሮችን በየመኪናቸው ቀለም አሳሰበች። የተናኜን ፍየሎች ሳይቀር ይቅር አለች። ላቡ በእሷም ላይ ይወርዳል፤ ግን እሷ መስታወት ጀርባ ፈገግ እያለች መንደድን ስትለማመድ ሰንብታለች። ኮሚቴው ልምምድ አልነበረውም። አንዱ አባል ግድግዳውን ተደግፎ ነበር፤ ግድግዳው ሲያቃጥለው ሚልክያስን ተደገፈ።

በመጨረሻ ራሷ «አሜን» ስትል አቶ ኤርጎ እጃቸውን ቀድመው አውጥተው ነበር።

«አጀንዳው በይደር ይታይ!»

«ተደግፏል!»

«በሙሉ ድምፅ! ቁልፉ! እህቴ፣ ቁልፉን!»

በሩ ሲከፈት ኮሚቴው እየተገፋፋ ወጣና ቅርብ ወዳገኘው ጥላ ሮጠ። ቅርቡ ጥላ ሊፈርስ ቀጠሮ የተያዘለት ጎጆ ነበር። ተደርድረው መደብ ላይ ተቀመጡ። ዶላሞ ውሃ በቅል አዞረላቸው። አቶ ኤርጎ ጠጡ፣ ክራቫታቸውን ፈቱ፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አሁን የጨፈኑት ለጸሎት አልነበረም።

«ኢንጂነር» አሉ በለሆሳስ፣ «ምላሽ ማለት እኮ ይሄ ነው። የማን ዲዛይን ነው?»

«የእናቴ» አለ ዶላሞ።

አቶ ኤርጎ ወደ ሚልክያስ ዞሩ። ሚልክያስ ወደ ዶላሞ ዞረ።

«ደረሰኝ አለው?»

«የለውም።»

«ሪፖርት ውስጥ አይገባም፣ ጌታዬ።»

አቶ ኤርጎ በኀዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ውሃ ግን አስደገሙ።

ጥቂት ሲያርፉ የሥራ ስሜታቸው ተመለሰ። ጂንካ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ ስብሰባ እዚህ በአንድ ጸሎት አልቋል፤ ይህ እንደ ትልቅ ስኬት ተያዘ። ሞዴል ቤቱ ፈጣን ውሳኔ የመስጠት ባህልን እንደሚያጎለብት ተረጋገጠ። ስለዚህ እንዲስፋፋ ሐሳብ ቀረበ። ሚልክያስ ደንቡን አስታወሰ፤ ደንቡ የሚናገረው ስለዚህኛው ቤት ብቻ ስለሆነ፣ ስለ ሌሎች ሰዎች ቤት ጎጆው ውስጥ ተቀምጦ መወሰን አይከለከልም። በመሆኑም የአልዱባው ሞዴል ለቀሪው ሕዝብ እንዲዳረስ፣ እግራቸውን በቀዝቃዛው መሬት ላይ እንደዘረጉ፣ በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። የመጀመሪያዋ ተረኛ ቦታዋ መንገድ ዳር በመሆኑ ተናኜ ሆነች።

የአለምነሽ ጎጆ አሁንም አለ። ኮሚቴው በየጊዜው ከጂንካ ይወርዳል፣ በሩ ይዘጋል፣ አለምነሽ ትጸልያለች፣ አጀንዳው ያድራል።

ተናኜ ዜናውን የሰማች ቀን እልልታዋ ካኮ ሳይደርስ አልቀረም። አለምነሽ ከኩርኩፋዋ ቀና ብላ ስታይ፣ ተናኜ ማንም ሳያዝዛት የገዛ ጎጆዋን ሳር መንቀል ጀምራለች። አለምነሽ ጭልፋዋን አስቀመጠች። ከራሷ ጋር ተሟገተች። ከዚያ መንገዱን ተሻገረች።

«ተናኜ፣ ሳሩን ተዪው። ቤቱ ምድጃ ነው» አለች። «ቅባት አልነበረም። ላብ ነበር።»

ተናኜ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየቻት። «ወይ አለምነሽ! በመስታወት ብቻሽን ልትኖሪ ኖሯል? ቀናሽ!»

«ተቃጥዬበት ነው የምነግርሽ!»

«ቅናት ያቃጥላል፣ እቴ! እኔ ነኝ የማውቀው፤ አንቺ መስታወት ጀርባ ስትቀመጪ እንዴት እንዳቃጠለኝ!» አለችና አንድ እቅፍ ሳር ነቅላ ለፍየሎቿ ወረወረች።

አለምነሽ ወደ መንገዱ ዞረች። ከሩቅ አቧራ እያስነሣ የሚመጣ ገልባጭ መኪና ይታያል፤ የተናኜ የአካባቢ አፈር ከጂንካ ደርሶላታል።

«ይሁን» አለች በመጨረሻ። «ለመሆኑ አንቺ ስትጸልዪ ምን ያህል ትቆያለሽ?»